ለመመለሻ የሚተርፍ ፍጥነት

በገበያ የሚሸጥ ትንሽ የካሜራ ድሮን መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተራርቀው ተጽፈው ይገኛሉ። አንዱ ከፍተኛ ፍጥነቱ ነው፤ ሌላው ሊቋቋመው የሚችለው የነፋስ ፍጥነት። ገዢ የመጀመሪያውን አይቶ ይጓጓል፣ ሁለተኛውን አይቶ ልቡ ያርፋል። አንዱን ከሌላው ቀንሶ የሚያይ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ድሮኑን ወዳስነሣው ሰው የሚመልሰው ፍጥነት ነፋሱ ከወሰደው የተረፈው ብቻ ስለሆነ፣ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚያ ቅናሽ ላይ ነው።

ይህን ስሌት ለማስረዳት ከመካነ ሰላም ዙሪያ የተሻለ አገር አላውቅም። የደቡብ ወሎዋ የቦረና ወረዳ ከተማ ወደ 2,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ከተማዋን አልፎ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል አገሩ በድንገት ይቆረጣል፤ ከታች ዓባይ፣ ማዶ ጎጃም። ከደጋው ጠርዝ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ጥልቀት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካን ያቀፈው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ከፍ ያለው ክፍሉ ከ3,000 ሜትር አልፎ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት። የአምባ ፈሪት ተራራ ደግሞ እስከ 4,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እንዲህ ተጠጋግተው በሚገኙበት አገር አየሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

በዚህ አገር ነፋስ የወሰደው ድሮን ከገንዘብ ኪሣራ የከፋ ነገር ያመጣል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወሎን አቋርጦ አልፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ድሮን የሚለው ስም ለብዙ ቤተሰብ ፊልም የሚነሣበት መሣሪያ ስም መሆኑ ቀርቷል። ከሰማይ የሚመጣ የፕሮፔለር ድምፅ ልጆችን ከሜዳ ወደ ቤት ያስሮጣል። ስለዚህ ከባለቤቱ ቁጥጥር ወጥቶ ወደማይታወቅ ቀበሌ የተነዳ ትንሽ ድሮን፣ ክብደቱ ሩብ ኪሎ እንኳ ባይሞላ፣ የሚያወርደው ድንጋጤ ከባድ ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ሳያነጋግር፣ ነዋሪው ሳያውቅ፣ አንድም ፕሮፔለር ማዞር የለበትም። ሰላም በሌለበት ወቅት ደግሞ ጨርሶ ባይነሣ ይሻላል።

አሁን ወደ ነፋሱ እንግባ። መሬት ላይ የቆመ ሰው እግሩ መሬት ስለያዘለት ነፋስን የሚያውቀው ሲገፋው ነው። ድሮን የሚይዘው መሬት የለውም። በአየር ውስጥ እንደመሆኑ፣ ካልታገለ በስተቀር አየሩ ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ድሮን፣ ስክሪኑ ፍጥነቱን ዜሮ ብሎ ቢያሳይም፣ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ሞተሮቹና ባትሪው የሚከፍሉት ዋጋም የዚያኑ ያህል ነው። እንግዲህ ነፋስን መቋቋምና መፍጠን ለድሮን የተለያዩ ችሎታዎች አይደሉም፤ ሁለቱም አየርን ሰንጥቆ መሄድ ናቸው። በአየር ውስጥ ከሰከንድ 16 ሜትር በላይ መሄድ የማይችል ድሮን በሰከንድ 17 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢቆም፣ አፍንጫው ወደ ቤቱ ዞሮ፣ በሙሉ ኃይሉ እየበረረ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ይህ የፍጥነት ጣሪያ ከየት ይመጣል? ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ወደ ፊት የሚገፋው ለብቻው የተሠራ ሞተር የለውም። መሄድ ሲፈልግ መላ አካሉን ያጋድላል። ሲያጋድል የፕሮፔለሮቹ ግፊት ከፊሉ ክብደቱን ይሸከማል፣ ከፊሉ ወደ ጎን ይገፋዋል። አየሩ በበኩሉ ይቃወመዋል፤ ተቃውሞውም በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። የጎን ግፊቱና የአየሩ ተቃውሞ እኩል የሆኑበት ፍጥነት ለዚያ ማጋደል የመጨረሻው ነው። ከዚያ በላይ ለመፍጠን ይበልጥ ማጋደል ያስፈልጋል። እስከ ስንት ዲግሪ ማጋደል እንደሚቻል ደግሞ አምራቹ በሶፍትዌር ወስኖ ይሰጣል።

ይህን በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ ማየት ይቻላል። የቻይናው ዲጄአይ በ2019 እ.ኤ.አ. ማቪክ ሚኒን፣ በ2020 ደግሞ ሚኒ 2ን አወጣ። ሁለቱም 249 ግራም ይመዝናሉ፤ መልካቸውና መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ማቪክ ሚኒ በስፖርት ሞድ፣ ማለትም በፈጣኑ አበራረር፣ እስከ 30 ዲግሪ ያጋድላል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 13 ሜትር፣ የሚቋቋመው ነፋስ 8 ሜትር ተብሏል። ሚኒ 2 እስከ 40 ዲግሪ ያጋድላል፤ ፍጥነቱ 16 ሜትር፣ የነፋሱ ልክ ደግሞ ከ8.5 እስከ 10.5 ሜትር ነው። እነዚያ 10 ዲግሪዎች ምን ሠሩ? 249 ግራም የሚመዝን አካል 30 ዲግሪ ሲያጋድል ወደ ጎን የሚያገኘው ግፊት 144 ግራም የመሸከም ያህል ነው፤ በ40 ዲግሪ ወደ 209 ግራም ከፍ ይላል። ግፊቱ በ45 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ተቃውሞው በስኩዌር ስለሚያድግ ግን ፍጥነቱ የሚጨምረው 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የ13 ሜትር 20 በመቶ ሲጨመርበት 15.6 ይሆናል፤ ፋብሪካው 16 ብሎ ከጻፈው ጋር ሊገጣጠም ምንም አልቀረው። 8 ሜትር ላይ 20 በመቶ ሲጨመር ደግሞ 9.6 ይመጣል፤ ይህም አምራቹ ከሰጠው ወሰን መካከል ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ብዙ ሰው ከባዱ ድሮን ነፋስ ይችላል፣ ቀላሉን ነፋስ ይወስደዋል ብሎ ያምናል። ከፊሉ እውነት ነው። በቦረና አውድማ ላይ ገበሬው በላይዳ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ይላል፣ እብቁ ከሁሉ ርቆ ይሄዳል። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ለነፋሱ የሚሰጡት ገጽ ከክብደታቸው ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ድሮንም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። ነገር ግን ድሮን እንደ እብቅ ዝም ብሎ የሚነዳ አይደለምና በዚያ ንጽጽር ላይ የማጋደል አቅሙንና የሞተሩን ጉልበት መደመር ያስፈልጋል። ዲጄአይ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋንተም 4 ክብደቱ 1,380 ግራም ነው፤ ከሚኒ 2 ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። የተጻፈለት የነፋስ ልክ ግን በሰከንድ 10 ሜትር ነው፤ ትንሹ ሚኒ 2 ከሚቋቋመው አይበልጥም። ክብደቱን ብቻ አይቶ ድሮን የሚመርጥ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሌላ ነገር ይታያል። ፋንተም 4 በሰከንድ 20 ሜትር ይበራል፣ 10 ይቋቋማል። የዚሁ ኩባንያ ኤር 2 ኤስ 19 ይበራል፣ 10.7 ይቋቋማል። ማቪክ 3 ደግሞ 21 ይበራል፣ 12 ይቋቋማል። በሁሉም ዘንድ የነፋሱ ቁጥር የፍጥነቱ ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት በላይ ነው። ሁለቱ አንድ ችሎታ ከሆኑ ለምን እኩል አልተጻፉም? ምክንያቱ ነፋስ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። በአማካይ 10 የሆነ ነፋስ በየደቂቃው 15 እየደረሰ ይመለሳል። እስከ መጨረሻው ያጋደለ ድሮን ለዚያ ድንገተኛ ግፊት የሚያወጣው ሌላ ጉልበት የለውም፤ ወይ ይነዳል፣ ወይ ከፍታውን ለመጠበቅ ማጋደሉን ቀንሶ ይነዳል። በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል የተተወው ክፍተት ለዚህ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ይህን ክፍተት እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚጠቀምበት ሰው መጠባበቂያውን ነው የሚበላው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ድሮን የሚያስጠፋው ግን የደርሶ መልስ ሒሳብ ይመስለኛል። በአየር ውስጥ በሰከንድ 16 ሜትር የሚበር ድሮን ነፋስ በሌለበት አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 125 ሰከንድ ይበቃዋል። ከኋላው 8 ሜትር ነፋስ ቢኖር ሲሄድ 24 ሆኖ በ42 ሰከንድ ይደርሳል፤ አብራሪው ደስ ይለዋል። ሲመለስ ግን የሚተርፈው 8 ብቻ ነው፤ መመለሻው ብቻውን 125 ሰከንድ ይፈጃል፣ ድምሩ 167። ነፋሱ 12 ቢሆን መሄጃው 36 ሰከንድ፣ መመለሻው 250 ሰከንድ ይሆናል። ነፋስ በመሄጃው የሰጠውን በመመለሻው አብዝቶ ይወስዳል፤ ሒሳቡ መቼም አይስተካከልም። ሚኒ 2 ላይ የተጻፈው የ31 ደቂቃ የበረራ ጊዜም ቢሆን የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ በሰከንድ 4.7 ሜትር ዝግ ብሎ ሲበር ነው። በነፋስ ላይ በሙሉ ማጋደል የሚመለስ ድሮን ያን ጊዜ ፈጽሞ አያገኘውም። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ነፋሱ መሄድ፣ ባትሪው ሲደክም ነፋሱን ከኋላ ይዞ መመለስ የመጀመሪያው ሕግ ሊሆን ይገባል።

በዓባይ ጠርዝ ላይ ይህን ሕግ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ውበቱ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነዋ። ካሜራው ወደ ገደሉ፣ ወደ ምዕራብ ይጎትታል። በበጋ ወራት የደጋው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ያኔ ድሮኑ ያለ ድካም ወደ ባዶው ይወጣል፣ ሲመለስ ነፋሱ ፊቱ ላይ ይቆማል። ከዚህ ላይ የገደሉ የራሱ አየር ይጨመራል። ጠዋት ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው አየሩ በገደሉ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ከረፋዱ በኋላ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይደፈርሳል። ሲመሽ ደጋው ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ተመልሶ ወደ ቆላው ይንሸራተታል። ነፋስ ከደጋው ወደ ገደሉ ሲሻገር ደግሞ ከጠርዙ በታች ይጠቀለላል፣ ወደ ታች ይስባል። እዚያ ውስጥ የገባ ድሮን የሚያስፈልገው የጎን ፍጥነት ሳይሆን የመውጣት ፍጥነት ነው። ሚኒ 2 በኖርማል ሞድ በሰከንድ 3 ሜትር፣ በስፖርት ሞድ 5 ሜትር ይወጣል። በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ታች በሚወርድ አየር ውስጥ በኖርማል ሞድ የመቆጣጠሪያውን ዱላ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ የገፋ ሰው ድሮኑ ሲወርድ ያያል። ከጠርዙ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ደጋው ገብቶ፣ ከመነሻው ከፍታ ሳይወርዱ ማብረር ይህን ወጥመድ በአብዛኛው ያስቀራል። ጭላዳዎች የሚያድሩትም በዚያው ገደል ላይ ስለሆነ ከግድግዳው መራቅ ለእነሱም ደግ ነው።

የከፍታው ጉዳይ ሁለት ፊት አለው፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ የሚማርከኝ ይህ ነው። በአምራቾች መግለጫ ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት ነፋስ በሌለበት፣ በባሕር ወለል አካባቢ የተለካ ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ወደ 77 በመቶ ይወርዳል፤ በ3,500 ሜትር ላይ ወደ 70 በመቶ። ስስ አየር ተቃውሞው ያነሰ ነው። በዚያው ማጋደል ድሮኑ በመካነ ሰላም ላይ 14 በመቶ ያህል ሊፈጥን ይገባዋል፤ 16ቱ ሜትር 18 ሊሆን። ነፋስ ሲገፋውም ለዚያው የነፋስ ፍጥነት የሚደርስበት ግፊት ያነሰ ነው። በዚህ ብቻ ካየነው ደጋው ለድሮን የተመቸ አገር ነው።

ግን ድሮኑን የሚሸከመውም ያው ስስ አየር ነው። ድሮኑ ሳይንቀሳቀስ በአየር ላይ ለመቆየት ብቻ ፕሮፔለሮቹን ከባሕር ወለል 14 በመቶ አፍጥኖ ማዞር፣ የዚያኑ ያህልም ተጨማሪ ኃይል ማውጣት አለበት። በ40 ዲግሪ ሲያጋድል ደግሞ ከፍታውን ሳያጣ ለመቆም ጠቅላላ ግፊቱ በ30 በመቶ ከክብደቱ መብለጥ አለበት። ሁለቱ ጭነቶች አንድ ሞተር ላይ ይወድቃሉ። ሞተሩ ወደ ጣሪያው ሲቀርብ ኮምፒውተሩ የሚያስቀድመው አለመውደቅን ነው፤ ማጋደሉን ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ስሱ አየር በወረቀት ላይ የሚሰጠው የፍጥነት ጭማሪ በነፋስ ቀን፣ ያውም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ላይገኝ ይችላል። አምራቹ ከባሕር ወለል በላይ የሚሠራበትን የመጨረሻ ከፍታ የሚጽፈው ለዚህ ነው፦ ለማቪክ ሚኒ 3,000 ሜትር፣ ለሚኒ 2 4,000፣ ለማቪክ 3 6,000። ማቪክ ሚኒ በመካነ ሰላም ከተማ ላይ በልኩ ውስጥ ነው፤ በፓርኩ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ግን ከልኩ ውጭ ነው። ሚኒ 2 በአምባ ፈሪት ጫፍ ላይ የመጨረሻ ወሰኑ ላይ ይቆማል። የውርጩ ብርድ ደግሞ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ በማለዳ ባትሪውን በጋቢ ውስጥ አሙቆ መያዝ ቀላል ነገር ቢሆንም ብዙ ይጠቅማል።

ነፋሱን በምን እንለካ? ድሮኖቹ ራሳቸው የነፋስ መለኪያ አይሸከሙም፤ ምን ያህል አጋድለው በጂፒኤስ ምን ያህል እንደሄዱ አወዳድረው ይገምታሉ። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ዐይኑ አለው። በመግለጫው ላይ የነፋስ ደረጃ 4፣ ደረጃ 5 የሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 እ.ኤ.አ. ካወጣው መለኪያ የመጣ ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ያለ ዕረፍት ሲወዛወዝ ደረጃ 3 ነው። አቧራና ወረቀት ሲነሣ 4 ነው፤ ያ የማቪክ ሚኒ ጣሪያ ነው። ለጋ ባሕር ዛፍ መላ አካሉ መወዛወዝ ከጀመረ 5 ደርሷል፤ ይህም የሚኒ 2 ጣሪያ ነው። ትላልቅ ቅርንጫፎች ሲነቃነቁና ጃንጥላ ለመያዝ ሲያስቸግር 6 ነው፤ ያን ቀን ድሮኑ ከቦርሳው አይውጣ። ይህ ግን ከታች የሚታየው ነፋስ ነው። ሜዳማ አገር ላይ በ10 ሜትር ከፍታ 7 የሆነ ነፋስ በ100 ሜትር ላይ ወደ 9.7 ሊደርስ ይችላል፤ በኮረብታ አናትና በገደል ጠርዝ ላይ ጭማሪው ከዚህም ይከፋል።

ከተነሡ በኋላ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። በስፖርት ሞድ፣ መሰናክል በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ በነፋሱ ላይ ዱላውን ሙሉ ገፍቶ ፍጥነቱ ሲረጋ ሁለቱን ቁጥሮች ማንበብ። አንደኛው 20፣ ሌላኛው 12 ካሳየ ልዩነቱን ለሁለት ስናካፍል ነፋሱ 4 ነው፤ አማካዩ 16 ደግሞ ድሮኑ በዚያ ቀን፣ በዚያ ከፍታ ያለው እውነተኛ ፍጥነት ነው። በኖርማል ሞድ ይህ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ በምድር ላይ ያለውን ፍጥነት ስለሚጠብቅ ነፋሱን ይደብቀዋል። ያ ደኅና የሚመስል ቁጥር ባትሪው በምን ዋጋ እንደሚገዛው አይናገርም።

ራሱ ወደ መነሻው የሚመለስበት ትእዛዝም በነፋስ ቀን ሊያታልል ይችላል። ድሮኑ መጀመሪያ ወደ ተወሰነለት ከፍታ ይወጣል፤ ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ወደ ቤት ዞሮ ስክሪኑ ላይ ያለው ርቀት አለመቀነሱ ከታየ ትእዛዙን ሰርዞ በእጅ መያዝ፣ ሜዳማ ቦታ ላይ ከሆነ ዝቅ ማለት፣ ወደ ስፖርት ሞድ መቀየር ይገባል። በስፖርት ሞድ የመሰናክል ዳሳሾች እንደማይሠሩ ማስታወስ ያሻል፤ ዛፍንና የስልክ ምሰሶን መመልከት የአብራሪው ሥራ ይሆናል። ይህም ሆኖ ርቀቱ ካልቀነሰ፣ ባትሪው ግማሽ ሳለ ሰውና ከብት የሌለበትን የታጨደ ማሳ መርጦ ማሳረፍ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቦታ መመዝገብ፣ ከዚያም በመንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ሰላም ብሎ፣ የመጡበትን ጉዳይ ነግሮ በእግር መሄድ ይሻላል።